ክሩ ካልተንቀሳቀሰ ልጁ ተኝቷል

በሽመናው አዳራሽ ውስጥ ጮኾ የሚናገር ሰው አዲስ ገቢ ብቻ ነበር። ነባሮቹ ይስቁበታል። መኪናዎቹ አንድ ላይ ሲነሡ ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፤ መወርወሪያው ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ የሚያወጣውን ድምፅ የሰው ጉሮሮ አይችለውም። ስለዚህ ሠራተኛው ድምፁን ለቤቱ አስቀምጦ በከንፈሩ ብቻ ያወራል። ፊቱን ወደሚያናግረው ሰው ያዞራል፣ ቃሉን በአፉ ሰፋ አድርጎ ይቀርጻል፣ የጎደለውን በእጁ ይሞላል። ማን እንዳረገዘች፣ ካቦው ዛሬ በየትኛው ጎኑ እንደ ተነሣ፣ ማን ማንን እንደ ተመኘ፣ ሁሉም በመኪናዎቹ ረድፍ ላይ ተሻግሮ ከዳር እስከ ዳር ይዳረሳል። ሰው መጥራት ሲያስፈልግ የጥጥ ብናኝ ጠቅልሎ መወርወር ነው። ጀርባውን ያዞረ ሰው ግን «ተዉኝ» ማለቱ ነውና አይነካም። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ የጣሰው ሰው ግን አልነበረም።

እሷ እዚህ አዳራሽ ስትገባ ገና ልጅ እግር ነበረች። በመጀመሪያው ሰሞን ጮኻ ጮኻ ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ በዚያው ጩኸቱን ትታ የከንፈር ወሬ ተማረች። ሥራዋ ክር ሲበጠስ ፈጥኖ መቀጠል ነበር። እየቆየች ስትሄድ ዓይኗን አንዱ መኪና ላይ ጥላ የሌላውን ድር በጣቷ ጫፍ መዳሰስ ቻለች። የላላ ክር ለጣት ይናገራል፤ ሊበጠስ ያለ ክርም ከመበጠሱ በፊት ይርበተበታል። «የአንቺ ጣት ጆሮ አለው» ይሏት ነበር ጓደኞቿ።

ባሏን ያገኘችውም እዚያው ነው። መኪና የሚጠግን መካኒክ ነበር፤ ፊቱ ከዘይት ጠርቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከማዶ ረድፍ ጥጥ ወረወረባትና በከንፈሩ፣ «ዛሬ መኪናሽ ካልተበላሸ እኔው መጥቼ አበላሸዋለሁ» አላት።

«ካቦው እያየህ ነው! ሥራህን ሥራ፣ አንተ ዘይታም!» አለችው፣ እሷም በከንፈሯ።

«ይየኝ! እሱስ ሚስቱን ያገኛት የት ሆነና?»

እንዲህ ሲባባሉ ወራት አለፉ፤ የሰውየውን ድምፅ ግን አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። በር ላይ ጠብቆ በጉሮሮው ሲያናግራት፣ ያ ትከሻው የበር መቃን የሚያክል ሰው ድምፁ እንደ ጫጩት ቀጭን ሆኖ አገኘችውና ሳቋ አመለጣት። ተጋቡ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እሱን ጡረታውን ሳያይ ሞት ቀደመው። እሷ ልጇን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች፤ የሥራ ዘመኗም ሲያልቅ ከፋብሪካው ወጣች።

ስትወጣ ዓለም ጸጥ ብሎ ጠበቃት።

ይህን ጸጥታ እንደ ሽልማት ቆጠረችው። ዕድሜዋን በሙሉ በጩኸት ውስጥ ያሳለፈች ሴት መንገዱ ዝም ሲላት፣ ጎረቤቱ ዝም ሲላት፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ያለ ኮቴ ሲወርድ፣ «ለካ ከፋብሪካ ውጭ ያለ ሰው እንዲህ በሰላም ነው የሚኖረው» አለች። የሌላ ሙያ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እሷ ግን አመሰገነች።

የደነገጠችው ማንቆርቆሪያ ጥዳ ሳለ ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ተቀምጣ ክዳኑ ሲዘል አየች። ይዘላል፣ ይወድቃል፣ እንፋሎት ይተፋል። ድምፅ የለውም። ማንኪያ አንሥታ ክዳኑን መታችው፤ ምንም። ክንዷን አንሥታ በኃይል መታችው፤ አሁን ከፍራሽ ሥር የመጣ የሚመስል ድምፅ ትንሽ ተሰማት። ማንኪያውን አስቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መካከል ከተተች። ለስንት ጊዜ እንዲህ እንደ ኖረች አላወቀችም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን ይሰማል፣ ማን አይሰማም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረምና መቼ እንደ ጀመራት የሚነግራት ሰው የለም።

ለማንም አልተናገረችም። የፈራችው ምክንያት ነበራት። ከእሷ በፊት ጡረታ የወጣች አንዲት የፋብሪካ ሴት ጆሮዋ ሲከዳት ቤተሰቦቿ መጀመሪያ ጮኹላት፣ ቀጥለው ተሰላቹባት፣ በመጨረሻም እሷ ባለችበት ስለ እሷ ማውራት ጀመሩ፤ ቁም ሣጥን ባለበት ስለ ቁም ሣጥን እንደሚወራው። ልትጠይቃት ሄዳ ይህን በዓይኗ አይታለች። ሴትየዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሚስቅ ሰው ስታይ እየሳቀች፣ ሳቁ በእሷ ላይ መሆኑን አታውቅም። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ደግሞ ጆሮው የማይሰማውንና አእምሮው የማይሠራውን በአንድ ገመድ የሚያስር ቃል ነው። ይህን ስም ከመሸከም «ሆድ ይፍጀው» አለች።

እናም በአዳራሹ እንደ ለመደችው የሰውን አፍ ማንበብ ያዘች። ፊቱን ያዞረላትን ሰው አንድም አታስተው። ያላነበበችውን ሰው ደግሞ «እሺ» ትለዋለች። እሺ ጥሩ ቃል ነው፤ የሚያስቀይመው ሰው የለም፤ የማይገባበት ቦታም ጥቂት ነው። አንዳንዴ ግን ይስታል። ልጇ ከምትኖርበት ፎቅ ሥር ልብስ የምትሰፋ ሴት አለች፤ ስፌቷን ስትለካ የመርፌ ቁልፎቿን በከንፈሮቿ ነክሳ ነው የምታወራው። አንድ ቀን፣ ሰፈሩ ባወጣላት ስም፣ «እማማ ፋብሪካ፣ ድመቴን አላዩብኝም?» ብላ ስትጠይቃት «እሺ» አለቻት።

«እሺ ማለት አይተዋታል ማለት ነው?»

«እሺ።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቿን እንደ ነከሰች ሳቀች። «እማማ ፋብሪካ ሲያረጁ ቀልደኛ ሆኑ» ብላ ለሰፈሩ አወራች።

ልጇ የምትሠራው ስልክ መሥሪያ ቤት ነው። የተበሳጩ ሰዎች ይደውላሉ፣ እሷ ታዳምጣለች፣ በትሕትና ትመልሳለች። ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን ሰው ስትሰማ ውላ ቤት ስትገባ ድምፅዋ አልቆ ነው፤ የምትናገረውም ዕቃ እያጠበች፣ ወይም ልብስ እያጣጠፈች፣ ወደ ግድግዳ ዞራ ነው። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሰውን ጢም ሲያሳምር ይውላል፤ የራሱን ግን እንደ መጋረጃ በከንፈሩ ላይ ለቆታል። ጨዋታ ያውቃል፤ ደንበኞቹ ለጨዋታው ሲሉ ይመጣሉ ይባላል። አማቱ ግን አንድ ቀን ስቃለት አታውቅም። አፉ ላይ አፍጥጣ ታዳምጠውና «እሺ» ትለዋለች።

«እናትሽ እኔን አይወዱኝም» ይላል ለሚስቱ፣ እሷ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷማ ጭራሽ አገር ለቆ ሄዷል።

ልጇ ወለደች። ወንድ ልጅ ነው፤ ማሙሽ ይሉታል። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ እናቷ ፊት ተቀመጠችና ትክ ብላ አየቻት። ይህን ንግግር እናትየው ከከንፈሯ ላይ አንድም ሳይቀር አነበበችው።

«እማዬ፣ ልጄን ከማላውቀው ሰው እጅ ከምጥለው አንቺ ብትይዥልኝ? አንቺ እያለሽ እኔ ማንን አምናለሁ?»

የሚነገር ቢሆን የሚነገርበት ሰዓት ይህ ነበር። ቃሉ ጥርሷ ጫፍ ድረስ መጣ። የልጇን ዓይን አየች፤ እንቅልፍ አጥቶ የቀላ ዓይን፤ ከእናቷ በቀር ተስፋ ያላደረገ ዓይን። «እሺ» አለች። ሳይገባት ካለቻቸው እሺዎች ሁሉ፣ ገብቷት ያለችው ይህኛው ነው ዕረፍት የነሣት።

ክፍሏን ዘግታ እነ ልጇ ጋ ገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በሩ ሲዘጋ ፍርሃቷ ይከፈታል። ማሙሽን ከጀርባዋ አታወርደውም። ሲያለቅስ ሆዱ ጀርባዋ ላይ ይርገበገባል፤ በዚያ ታውቀዋለች። አዝላው ታበስላለች፣ አዝላው ትጠርጋለች፣ ወገቧ እስኪቆረጥ አዝላው ትቆማለች። ስትቀመጥ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነው። እሳት ላይ ያለ ነገር በዓይኗ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ሽታ የሸተታት ይመስላትና ምድጃውን ሄዳ በእጇ ትዳስሳለች፤ ጠፍቷል። ተመልሳ ትቀመጥና እንደገና ትነሣለች። ሕፃኑን አቅፋ ፊቱን ስታይ እንኳን እየሳቀ ይሁን እያማጠ ለማወቅ ትጨነቃለች፤ ሕፃን ገና በከንፈሩ መናገር አያውቅምና።

ልጁ ግን ጀርባ ለመደ። ማታ አልጋ ላይ ሲያኖሩት ቤቱን በጩኸት ይንጠዋል።

«እማዬ፣ አመል አስያዝሽው» አለች ልጇ አንድ ጠዋት፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያደረገች። «ቀን ቀን አልጋው ላይ አስተኚው። ጤና ጣቢያም እንዲንፈራገጥ ተዉት ብለውናል። አደራ!»

«እሺ።»

አልጋው ዙሪያውን የእንጨት ዘንግ አለው። ማሙሽን እዚያ አስተኝታ ማድ ቤት ገባች። ድስቱን ሳትጥድ ተመለሰች፤ ተኝቷል። ሄደች፣ ተመለሰች፤ ተኝቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ በመመላለሷ ቀሰቀሰችው። እንዲህ ሊዘለቅ እንደማይችል ገባት። በዚያን ጊዜ የድሮ ሥራዋ ትዝ አላት።

ጠንካራ የጥጥ ክር አወጣች። አንዱን ጫፍ በማሙሽ ቁርጭምጭሚት ላይ በላላ ቋጠሮ አሰረች፤ በእንጨቱ ዘንግ መካከል አሳልፋ፣ በኮሪደሩ ወለል ላይ ስባ፣ ሌላውን ጫፍ ማድ ቤት ተቀምጣ በጣቷ ላይ ጠመጠመች። ጥቂት ቆይቶ ክሩ ጣቷን ነካ አደረጋት። ሮጣ ሄደች። ማሙሽ ነቅቶ እየተንፈራገጠ ነው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ሳቀች። ክሩ ከተንቀሳቀሰ ነቅቷል፤ ክሩ ካልተንቀሳቀሰ ተኝቷል። ልጇ የምትመጣበት ሰዓት ሲደርስ ፈትታ ጠቅልላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች።

ቀናት አለፉ፤ ክሩ አልዋሻትም። ፍርሃቷ ግን አለቀቃትም፤ ቦታ ብቻ ለወጠ። አሁን ጣቷ ላይ ነበር የሚኖረው።

ያን ቀን ጠዋት ማሙሽን አጥባ፣ አጥግባ አስተኛችው። ማድ ቤት ጀርባዋን ለኮሪደሩ ሰጥታ ሽንኩርት ትልጥ ጀመር። ክሩ አንዴ ነካ አደረጋት፤ ብድግ አለች። ከዚያ ቆመ። ጠበቀች። ጸጥ። «ተገላብጦ ተኛ» ብላ ተቀመጠች። ሽንኩርቱን ጨረሰች። ክሩ ጸጥ እንዳለ ነው። የቆየ መሰላት። ሄጄ ልየው ትልና፣ የባለፈውን ታስታውሳለች፤ ሄጄ ብቀሰቅሰውስ? ጣቷን ወደ ፊቷ አቅርባ ክሩን አየችው። ተወጥሯል። የተወጠረ ክር ጤነኛ ክር ነው፤ ዕድሜዋን በሙሉ የምታውቀው ይህን ነው።

ድንገት ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የሰው እርምጃ ነው፤ ከባድ፣ የሚሮጥ። ዘወር ስትል አማችዋ ነጭ ሽርጡን እንደ ለበሰ፣ መቀሱን በእጁ እንደ ያዘ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየችው። ከኋላው ልብስ ሰፊዋ አለች። ልብስ ሰፊዋ የልጁን ጩኸት ከሥር ሆና ሰምታ፣ መጥታ በሩን ደብድባ ደብድባ፣ የሚከፍት ስታጣ ወደ ፀጉር ቤቱ ሮጣ ነው ቁልፍ ያለውን አባት ያመጣችው። ይህን ሁሉ እሷ ያወቀችው ኋላ ነው። ያን ጊዜ የገባት ነገር ሰዎች ወደ ልጁ እየሮጡ መሆናቸውን ብቻ ነው። ተከተለቻቸው።

የማሙሽ ፊት እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። አፉ እስከ ጉሮሮው ተከፍቷል። ከአፉ የሚወጣ ድምፅ ግን አልነበረም፤ ለእሷ አልነበረም። ሲንፈራገጥ ክሩ እግሩን ደጋግሞ ዞሮታል፤ ቀጥሎ የአልጋውን ዘንግ ዞሮ እዚያው ተቆልፏል። ስለዚህ ልጁ በተራገጠ ቁጥር የሚጠብቀው እግሩ ላይ ነው፤ እሷ ጣት ላይ ያለው ጫፍ ንቅንቅ አይልም። ክሩ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። እግሩ አብጦ ወደ ጥቁረት ሄዷል።

አባትየው ተንበረከከ። ልብስ ሰፊዋ የልጁን ጉልበት ያዘችለት። እሱ ትንፋሹን ውጦ የመቀሱን ጫፍ በክሩና በቆዳው መካከል ለማስገባት ሞከረ፤ አልገባም። እንደገና ሞከረ። በሦስተኛው ክሩ ተበጠሰ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የመጨረሻው ሲቆረጥ ሕፃኑን አንሥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። እሷ ወደ ልጁ እጇን ዘረጋች። ማንም አላያትም።

ልጇ ተደውሎላት መጣች። እግሩን አየች። ወለሉ ላይ ያለውን ክር በዓይኗ ተከትላ እናቷ ጣት ላይ ደረሰች፤ ጫፉ አሁንም ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

«እንደ ጥጃ አሰርሽው?» አለች። ይህን እናትየው አነበበችው። ከዚያ ልጇ ፊቷን ወደ ሕፃኑ አዞረች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ መናገሯን ቀጠለች። ስትጨርስ ሦስቱም ሰዎች ወደ እሷ ዞሩ። መልስ ይጠብቃሉ። ጥያቄውን ግን አላየችውም። አፏ እንደ ለመደው ራሱን ከፈተ።

«እሺ» አለች።

ልጇ የጠየቀቻት፣ «ልጄ እየጮኸ፣ እየሰማሽው ነው እንዲህ የተቀመጥሽው?» ብላ ነበር።

የሦስቱም ፊት ሲለወጥ አየች። የተናገረችውን ሳታውቅ፣ የማይመለስ ነገር እንደ ተናገረች አወቀች። ልጇና ባሏ ሕፃኑን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጡ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆም አለች። ዛሬ ከንፈሯ ላይ መርፌ የለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልብሽ ምን ዓይነት ነው?»

እስከ ዛሬ «እርስዎ» ትላት ነበር። «አንቺ» ማለቷን ከከንፈሯ ላይ አነበበችው። ልብስ ሰፊዋ ወጣች፤ በሩ ያለ ድምፅ ተዘጋ።

ብቻዋን ቀረች። ነጠላዋን፣ ጫማዋን፣ ያላትን ጥቂት ልብስ ፌስታል ውስጥ ከተተች። ከመምጣታቸው በፊት ወደ ራሷ ክፍል ልትሄድ ነው። በር እጀታው ላይ እጇን አድርጋ ቆመች። ከሄደች ጨካኝ ትባላለች። ከቀረች ደንቆሮ ትባላለች። የሚያስፈራው ነገር ደግሞ፣ ከሁለቱ ጨካኝ መባል የቀለላት መሆኑ ነው። ጨካኝ ሰው ቢያንስ ሰምቶ ነው። ይህን ማሰቧን ስታውቅ ራሷን ፈራችው።

ከዚያ የልጇ ፊት መጣባት። ዛሬ የሄደች እንደ ሆነ፣ ያቺ ልጅ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ፣ «እናቴ ልጄ ሲጮኽ እየሰማች ሽንኩርት ትልጥ ነበር» ብላ ትኖራለች። ይህን ይዛ ታረጃለች። ፌስታሉን አስቀመጠች። ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ልክ ልጁን ስትጠብቅ እንደምትቀመጠው።

ሲመለሱ ማሙሽ አባቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። እግሩ ላይ ደም ተመልሷል፤ ጣቶቹ ቀይ ሆነዋል። ልጇ ግን እናቷን ቀና ብላ አላየችም። አልፋት ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ጀርባውን የሰጠ ሰው አይነካም። እናትየው ብድግ አለች። በሕይወቷ ያልጣሰችውን ሕግ ጣሰች፤ ልጇን ትከሻዋን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት። አፏን ከፈተች። ድምፅዋ ምን ያህል እንደሚወጣ አታውቅም፤ ሹክሹክታ ሆኖ እንዳይቀር ፈራች። ባላት ትንፋሽ ሁሉ ገፋችው።

«አልሰማም!»

ማሙሽ በርግጎ ነቃ። አባቱ አብሮት ዘለለ። ከሥር ሲሄድ የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

«ጆሮዬ አይሰማም። እኔ እሱን አልሰማሁትም። በሩንም አልሰማሁም። አንቺንም አልሰማሁሽም። ክሩን ያሰርኩት ሲነቃ እንዲነግረኝ ብዬ ነው።»

«ኧረ እማዬ! ትመልሺልኝ ነበር እኮ!»

«አፍሽን እያየሁ ነው። ስትዞሪብኝ ደግሞ እሺ እልሻለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ልጁን ሲያባብል ቆየና አማቱ ፊት መጥቶ ቆመ። ጢሙን በሁለት ጣቶቹ ወደ ላይ ገልጦ፣ በሰፊው፣ «ስለዚህ ነው ቀልዴ የማያስቅዎት?» አላት።

«ጢምህ ነው፣ የኔ ልጅ። እዚህ ቤት ከገባሁ አፍህን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

እሱ ሊስቅ ነበር፤ የሚስቱን ፊት አየና ተወው። እሷ እናቷ ላይ እንዳፈጠጠች ነበረች። ንዴቷ አልሄደም፤ መልኩን ግን ለውጧል።

«ማታ ማታ ዕቃ እያጠብኩ የነገርኩሽስ?» አለች። «ሥራው እየገደለኝ ነው ያልኩሽ? ሲሰድቡኝ ውለው ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ ያልኩሽ? እሺ ብለሽኛል እኮ። እናቴ ሰማችኝ ብዬ ነበር የምተኛው።»

እናትየው ይህን ሁሉ አነበበች። ከማሙሽ እግር ቁስል ይልቅ ይህ ወጋት።

«አልሰማሁሽም» አለች።

«ለግድግዳ ነው ስናገር የኖርኩት?»

«አዎ።»

ልጇ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እናትየው እጆቿን ይዛ ልታወርድላት ፈለገች፤ ግን ጠበቀች። ሲወርዱ ፊቷ እርጥብ ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ልጇ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ አስተካክላ ተናገረችው፤ እንዲነበብ ብላ።

«ልጁን ከእንግዲህ ለብቻሽ አልተውልሽም።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ደረሰ። ማንቆርቆሪያው ፊት ከተቀመጠችበት ከዚያ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ስትሸሸው የኖረችው ቃል ይህ ነበር፤ ከልጇ አፍ ወጣ፣ እሷም በዓይኗ አየችው።

«ልክ ነሽ» አለች። «እኔም ብቻዬን አልችልም።»

ፀጉር አስተካካዩ ማሙሽን አምጥቶ እቅፏ ውስጥ አኖረላት፤ ራሱም አጠገቧ ቆመ። ሕፃኑ ሞቀና ጸጥ አለ። ልጇ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ጉልበቶቻቸው ተነካኩ። መናገር ጀመረች። ስለ መሥሪያ ቤቷ ነው፤ ስለ አለቃዋ ነው። ነገር ግን ከድካሟ የተነሣ ከንፈሯ ፈጠነ፣ ቃሉ ተጋጨ።

«አልገባኝም። ድገሚልኝ» አለች እናትየው።

ደገመችላት። አሁንም ፈጠነ።

«ድገሚልኝ።»

ልጇ ቅንድቧን ሰበሰበች፤ በረጅሙ ተነፈሰች። እናትየው ያን ትንፋሽ አየችው። መሰላቸት ነው፤ የምታውቀው፣ ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው፤ ያቺን የፋብሪካ ሴት ጥግ ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው። እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ተቀምጧል። እሺ ብትላት ይበቃ ነበር፤ ልጇ ታርፋለች፣ ቀኑም ያልፋል። የማሙሽ ትንፋሽ ደረቷ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

«አሁንም አልገባኝም» አለች፣ ፈራ ተባ እያለች።

ልጇ ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋች፣ ፊቷን ቀና አደረገች፣ ከመጀመሪያው ጀመረችው።